እጅሽን ከኢንተሩ ላይ አንሺ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ብርሃነመስቀል ይርጋለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ያልበገረው ሰላምታዬ ባሕር ማዶ እስከ በርገን ይድረስልኝ። እኔም እማዬም ደህና ነን፣ መድኃኔዓለም ይመስገን። እማዬ ገጠር፣ ጎረቤላ ላይ ገብሷ እስኪደርስ ከዝንጀሮ ጋር ጦርነት ላይ ናት፤ እስካሁን ያሸነፈችው እሷ ናት።

ደብዳቤ ስጽፍልዎ እንዳይገርምዎት። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ቆየ፣ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይተኛል። ስለዚህ በወረቀት እየጻፍኩ አዲስ አበባ ለሚመላለሰው ለሚኒባስ ሹፌሩ ለወገኔ እሰጠዋለሁ። እሱ እዚያ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልዎታል፤ የእርስዎንም መልስ በዚያው መንገድ አሳትሞ ያመጣልኛል። የሚያሳፍር ነገር እንዳይጽፉ አደራ። ወገኔ ማንበብ ይወዳል።

አሁን ወደ ዜናዬ ልምጣ፤ ሥራ አገኘሁ! ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎችን የሚረዳ አንድ ድርጅት አለ። የቤተሰቦቹን ስም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የምናስገባ አራት ልጆች ነን። ስንዴውም ብርድ ልብሱም የሚታደለው በዚህ መዝገብ ስለሆነ፣ ስሙ ያልገባ ሰው እጁን አጣጥፎ ይመለሳል። ቀላል ሥራ እንዳይመስልዎት።

የምንጽፈው በኤክሴል ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ሠንጠረዡን ሠርቶ፣ በፓስወርድ ቆልፎ ላከልን። ለስም አንድ ሳጥን፣ ለአባት ስም አንድ ሳጥን፣ ለአያት ስም አንድ ሳጥን አለው። ኢንተር ስንጫን ኩርሰሩ፣ ማለቴ የት እንደምንጽፍ የሚያሳየን ምልክት፣ ራሱ ወደ ቀኝ ይዘላል፤ መስመሩ ሲሞላ ደግሞ ራሱ ወደሚቀጥለው ሰው ይወርዳል። «ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ይሁን፣ ኮምፒውተሩን አትዩት፣ ኩርሰሩ መንገዱን ያውቃል» ይለናል አለቃችን አቶ ጌታሁን።

አያውቅም ጋሼ! ምንም አያውቅም። አንድ ሳጥን ውስጥ ከአንድ ቃል በላይ ከጻፍን ይጮህብናል፣ አልቀበልም ይላል። የዚህ አገር ሰው ስም ደግሞ ገብረ ሚካኤል ነው፣ ኃይለ ማርያም ነው፣ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ወረቀቱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚመጣ ልጆቹ «ገብረ» ብለው ኢንተር፣ «ሚካኤል» ብለው ኢንተር ይላሉ። በቃ፣ ሰውየው ገብረ ተባለ፤ አባቱ ሚካኤል ሆነ፤ እውነተኛው አባቱ በአያት ቦታ ተቀመጠ፤ አያትየው ቦታ አጥተው ሜዳ ላይ ቀሩ።

እኔ ስሙን አያይዤ «ገብረሚካኤል» እያልኩ በአንድ ሳጥን እጽፋለሁ። ከዚያም አልፌ ኤክሴሉ ማስተካከያ ውስጥ ገባሁና «ኢንተር ሲጫኑ ኩርሰሩ ይንቀሳቀስ» የሚለውን ምልክት አጠፋሁት። ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ማንም ሊያጠፋው ይችላል። አሁን የኔ ኩርሰር ኢንተር ብጫንም ባለበት ይቆማል። የጻፍኩትን አየዋለሁ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየዋለሁ፣ ልክ ሲሆን በቀስቷ ቁልፍ እኔው ራሴ አሳልፈዋለሁ። ሳላዝዘው የትም አይሄድም።

አቶ ጌታሁን ይህን ሲያይ «አንቺ ብቻ ዘገየሽ» አለኝ። «እኔ አልዘገየሁም፣ እነሱ ናቸው የቸኮሉት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታዬን በጥርሱ ነው የሚመልሰው።

አንድ ነገር ልለምንዎ፣ ገንዘብ አይደለም። የኪቦርዴ የቀኝ ቀስት ተነቅላ ወድቃለች፤ ቀዳዳዋን በክብሪት እንጨት እየወጋሁ ነው የምሠራው። አንድ ኪቦርድ ቢልኩልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፣
ማስተዋል


በርገን፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለማስተዋል፣

ከዚህ ዝናቡ ከማያባራበት አገር ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወገኔንም ሰላም በይልኝ፤ ማንበቡ ካልቀረ ሰላምታ ይገባዋል። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ምስራቅ ደህና ነን። ምስራቅ አምስተኛ ክፍል ገብታለች፤ አማርኛዋ ይሰበራል እንጂ አፏ እንዳንቺው ነው፣ አይዘጋም።

ሥራ በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። ኪቦርዱን ገዝቼ በፖስታ በወገኔ አድራሻ ልኬዋለሁ። ቀስቶቹ ጠንካራ ናቸው፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አንድ በአንድ ተጭኛቸዋለሁ።

ነገር ግን ምክሬን ስሚኝ። ጎመን በጤና ይባላል። አለቃሽ ፍጠኑ ካለ ፍጠኚ። ኩርሰሩ ወደ ቀኝ ከሄደ አብረሽው ወደ ቀኝ ሂጂ። ስም መጥሪያ ነው ልጄ፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ እዚህ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ በስንት ዓይነት አፍ ተጠርቻለሁ! ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ፣ ደመወዜ ይገባል፣ ልጄ ትማራለች። ለሰው ስም ብለሽ የራስሽን እንጀራ አትርገጪ።

ሌላው፣ አያትሽ አባባ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ለቀብሩ እንዳልደረስኩ ታውቂያለሽ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ ቆሟል ወይ? ስሙስ ተጽፎበታል? ካልተጻፈ ወጪውን እኔ እችላለሁ፤ እናትሽን ጠይቂልኝ። ፎቶም ላኪልኝ።

አጎትሽ፣
ብርሃነ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ብርሃነመስቀል ይርጋለም፣

ሰላምታዬ ከነንዴቱ ይድረስዎ። ዛሬ የምጽፍልዎ ጥርሴን ነክሼ ነው፣ ፊደሌ ከተጣመመ ይቅርታ።

ኪቦርዱ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ፓኬቱ ላይ የላኪው ስም «ሜስከል፣ ብርሃነ» ይላል። ሜስከል የሚባለው ማነው? ጎረቤትዎ ነው?

የድንጋዩን ነገር እማዬን ጠየቅኳት። ዝም አለች። እማዬ ዝም ስትል ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ወደ ንዴቴ ልመለስ። አያይዤ የጻፍኳቸውን ስሞች አቶ ጌታሁን «ወረቀቱ ላይ እንዳለው አይደለም» ብሎ ሌላ ልጅ አስቀምጦ አንድ በአንድ አስፈታቸው። እኔ የቋጠርኩትን ሁሉ ለያዩት። መዝገቡ አዲስ አበባ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ሲመለስ ብዙ ቤተሰብ በቀይ ተሰርዟል፤ ምክንያቱ «ከአንድ ጊዜ በላይ የተመዘገበ» ይላል።

ማን ማን እንደተሰረዘ አየሁ። ገብረዎች ናቸው። ኃይለዎችና ወልደዎች ናቸው። እዚያ መዝገቡን የሚያጣራው መሣሪያ በስም፣ በአባትና በአያት ተመሳሳይ የሆኑትን ፈልጎ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይሰርዛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የሚባሉት ሰዎች ናቸው። ያስቡት ጋሼ! ስማቸው ብቻውን ሦስቱንም ሳጥን ሞላው። ስም ገብረ፣ አባት መንፈስ፣ አያት ቅዱስ። የእውነት አባታቸው የሚቀመጡበት ቦታ የለም። መጠለያው ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ አምስት አባወራዎች አሉ፤ ለመሣሪያው አምስቱም አንድ ሰው ናቸው። አንዱ ስንዴውን ወሰደ፣ አራቱ አጭበርባሪ ተባሉ።

ከአራቱ አንዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሽ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ያለው። ቢሯችን መስኮት ላይ መጥተው መታወቂያቸውን ዘረጉ። አቶ ጌታሁን «አባቴ፣ ስምዎ ተደጋግሟል፤ አባትዎ መንፈስ፣ አያትዎ ቅዱስ ይላል» አላቸው። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። «የአባቴ ስም ያለው ነው፣ ገበሬ ነው፣ በእርሻ መሬቱ ላይ ነው የሞተው» አሉ። «መንፈስ ቅዱስ አባቴ ነው ብዬ አላስመዘገብኩም። እንዲህ ያለ ድፍረት የለኝም። ይህን የጻፈው ሰው ንስሐ ይግባ!» ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሰውየው ቤታቸውን ጥለው፣ ከብታቸውን ጥለው መጥተዋል። ይዘው የመጡት የአባታቸውን ስም ነበር፤ እሱንም እኛ ወሰድንባቸው።

አቶ ጌታሁን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ስህተቱ የቢሮው ነው ካለ እሱ ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ ወረቀት አዘጋጀና አራታችንም እንድንፈርም ሰጠን፦ «የተሰረዙት ሰዎች ሆን ብለው ደጋግመው የተመዘገቡ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው! ሦስቱ ልጆች ፈረሙ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ወጥቻለሁ። ምን ይላሉ?

ማስተዋል


በርገን፣ ጥር 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማስተዋል፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ።

ፈርሚ። ምን እላለሁ ብለሽ ጠየቅሽኝ? ፈርሚ ነው የምልሽ። አንቺ አልሰረዝሻቸውም። ዛሬ ለነዚህ ሰዎች ብለሽ ከሥራ ብትወጪ ነገ ስምሽን የሚያስታውስ አንድም ሰው አይኖርም። ሰው ምንም ሆኖ ቢጻፍ ይኖራል፣ እመኚኝ። እኔ የማውቀው ነገር አለ።

ከሥራ ካስወጡሽ ገንዘብ እልካለሁ፤ ግን እንዲያስወጡሽ አታድርጊ።

የአባባን ድንጋይ ነገር አሁንም አልመለስሽልኝም።

አጎትሽ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ብርሃነመስቀል ይርጋለም፣

መንገዱ ተዘግቶ ወገኔ ሳምንታት ሙሉ ጫጫ ላይ እየተመለሰ ስለከረመ ነው የዘገየሁት። የገና መልስዎም የደረሰኝ ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ቢዘገይም ባይዘገይም ለውጥ አልነበረውም፤ አልፈረምኩም። ወረቀቱ ላይ «አረጋግጣለሁ» ከሚለው በታች በትልቁ «አላረጋግጥም» ብዬ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አቶ ጌታሁን ለረጅም ጊዜ አየውና «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተር አትነኪም» አለኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት ወርጄ ጆንያ እንድቆጥር አደረገኝ። ቆጠርኩ። ጆንያም ቢሆን በትክክል ነው የምቆጥረው።

ጋሽ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በየቀኑ መጥተው ከበሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ጥበቃው «አባቴ፣ እስቲ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉ» ሲላቸው «ልጄ፣ ከወለጋ እስከዚህ ፈቀቅ ብያለሁ፤ ከዚህ ወዲያ አልችልም» ይሉታል። ጥበቃውም ተወው። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ፤ ገብረ ሚካኤሎቹ፣ ኃይለ ማርያሞቹ። ተቀምጠው ያወራሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ከዚያ የአዲስ አበባ እንግዶች ለምርመራ መጡ። አቶ ጌታሁን አጭበርባሪ መኖሩን ሊያሳያቸው ፈልጎ ድምፅ ማጉያ አንሥቶ ከበሩ ፊት ቆመ። ሰዎቹ ከተጠሩ ሁለት ጊዜ የተመዘገበው ይያዛል ብሎ አስቦ ነው። መዝገቡን ገለጠና ጮኸ፦

«ገብረ መንፈስ ቅዱስ!»

«አቤት!» አሉ አምስት ሰዎች በአንድ ላይ፣ ብድግ ብለው።

አቶ ጌታሁን ደነገጠ። «አንድ ሰው ነው የጠራሁት» አለ። አንዱም አልተቀመጠም። ጋሽ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከዘራቸውን ይዘው ወደፊት ወጡና «እኔ የያለው ልጅ ነኝ» አሉ። ከኋላቸው ያለው «እኔ የወርቄ ልጅ ነኝ» አለ። «እኔ የማሞ!» «እኔ የበዛብህ!» «እኔ የዘለቀ!» እያሉ የአባታቸውን ስም ጠሩ። ጋሼ፣ የአባቱን ስም እንዲህ አድርጎ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሳይጠሩ ገብረ ሚካኤሎቹ ተነሡ። ጎረቤት የሚኖሩት ሳይቀሩ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ሰሙት።

ከእንግዶቹ አንዷ መጀመሪያ ሳቀች። ቆየት ብላ መሳቋን ተወችና «ይህን ሠንጠረዥ ማነው የሞላው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ከጆንያው መሐል ወጥቼ «ኩርሰሩ ነው የሞላው» አልኳት። «ሰው ቢሞላው ኖሮ ቆም ብሎ ያየው ነበር።» ገብቼ ኢንተሩን እየተጫንኩ አሳየኋት፤ ስሙ እንዴት እንደሚቀደድ በዓይኗ አየችው።

ስሞቹ ይመለሱ ተባለ። አቶ ጌታሁን «ልጆቹ ያስተካክሉት» ሲል እኔ ካልጻፍኩት አይሆንም አልኩ። ሁሉንም ራሴ፣ ባልኩዎት መንገድ፣ ኩርሰሩን አቁሜ ጻፍኳቸው። ጋሽ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከጎኔ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ማንበብ ባይችሉም «አባቴ ያለው የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሳጥኑን በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸውም ጣታቸውን አስጠግተው ነኩት፣ ከዚያ ስንዴያቸውን ሊወስዱ ሄዱ።

እኔማ ውሌ አልታደሰልኝም። የታወቀ ነው። ግን ከመውጣቴ በፊት የሦስቱንም ልጆች ኮምፒውተር ምልክቱን አጥፍቼላቸው ነው የወጣሁት። አቶ ጌታሁን መጥቶ መልሶ ያበራዋል፣ እሱ ሲወጣ ልጆቹ ያጠፉታል አሉ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ከእነዋሪም ከአረርቲም ለጉዳይ የሚመጣ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። ገንዘብ እንዳይልኩ፤ ከላኩም እመልሰዋለሁ።

አሁን የእርስዎን ጉዳይ እናንሣ። ፓኬቱን ለእማዬ ወስጄ ጽሑፉን አነበብኩላት። ሜስከል ማን እንደሆነ ገብቷታል፤ እኔም ገብቶኛል። ደጋግማ አስነበበችኝና «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አለች። ቀጥላም እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ «አባታችን ሁለት ልጅ ነው የወለደ። የኔ ልጅ በባሌ ስም ትጠራለች፣ ደንቡ ነው። የይርጋለም ስም የተቀመጠው አንተ ላይ ብቻ ነበር። ልጁ ላይ ያልተጻፈ ስም ድንጋይ ላይ አላስጽፍም። ድንጋዩ ባዶውን ይቁም።»

ያለችውን አንድም ቃል አልቀነስኩም። ስለዚህ ፎቶ የለም ጋሼ። ሙሉ ስምዎን ከነአባትዎ ፈርመው ካልላኩልኝ ይህ የመጨረሻ ደብዳቤዬ ነው።

የመነን ልጅ፣
ማስተዋል


በርገን፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመነን ይርጋለም፣ ለልጇም ለማስተዋል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዝም ያልኩት ተቀይሜ ነው ብላችሁ ከሆነ ልክ ናችሁ። ደብዳቤውን አንብቤ ተናድጄ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት፣ ሳምንታትም ይዤው ዞርኩ። ምን ታውቃለች፣ ጆንያ ቆጣሪ! እያልኩ።

መጀመሪያ እዚህ አገር ስገባ አንዲት ጸሐፊ ስሜን ጠየቀችኝ። እኔም በአገሬ ወግ ረጋ ብዬ «ብርሃነ መስቀል» አልኳት። «ብርሃነ» አለች፣ ጣቷን ኢንተሩ ላይ ጣለች። «መስቀል» አለች፣ ጣቷን ጣለች። ሁለት ሳጥን ነበራት፣ ሁለቱም ሞሉ። «ይርጋለም» ስላት ቀና ብላ ፈገግ አለችና እጇን አወዛወዘች፤ ይበቃል ማለቷ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ምን አፍ አለው? ዝም አልኩ። በዚያችው የጣት ምት የአባቴን ስም አጣሁ። መታወቂያዬ፣ የባንክ ደብተሬ፣ የቤቴ በር፣ ሁሉም መስቀልን በእነሱ አፍ ሜስከል ይላል። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ምስራቅ ሜስከል ተባለች። የስሜን ግማሽ ወርሳ ቀረች። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናንተ ጭራሽ። ፈርሚ ያልኩሽም ለዚህ ነው ማስተዋል፤ አንቺ ካልፈረምሽ እኔ ለምን ዝም አልኩ?

አንድ እሑድ ምስራቅ ደብዳቤሽን ከኮቴ ኪስ አውጥታ አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። አምስቱ ሰዎች አቤት ብለው ሲነሡ እየዘለለች አጨበጨበች። ወደ እናትሽ ቃል ስንደርስ ማጨብጨቧን ተወችና «ይርጋለም ማነው?» አለች። የገዛ ልጄ ናት! አያቷን ማነው አለችኝ። የዚያን ጊዜ ንዴቴ ከናንተ ላይ ተነሥቶ ወደ ትክክለኛ ቦታው ሄደ።

ስም ወደሚታረምበት ቢሮ ሄድኩ። ሌላ ወጣት ጸሐፊ፣ ሌላ ኮምፒውተር፤ ሳጥኑ ግን ያው ነው። የመጀመሪያ ስም አለችኝ። «ብርሃነ...» ማለት ስጀምር ጣቷ ተነሣ። እኔም በአገሯ ቋንቋ፣ ድምፁ እስኪሰማ ወንበሬን ገፋ አድርጌ፦

«እጅሽን ከኢንተሩ ላይ አንሺ። አልጨረስኩም» አልኳት።

ልጅቷ ደንግጣ እጇን አነሣች። እኔም ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ብርሃነመስቀል፣ አንድ ቃል፣ ክፍት ቦታ የለውም። በቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ ይርጋለም። «ልክ መሆኑን ያረጋግጡ» ብላ የኮምፒውተሩን ማያ ወደኔ አዞረችው። አየሁት። ቸኩዬ አይደለም ያየሁት፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ ያጉረምርም! ከዚያ «አሁን ተጫኚው» አልኳት። የምስራቅም አብሮ ተለወጠ። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ላይ «ምስራቅ ይርጋለም» ብላ ራሷ በአማርኛ ጽፋለች፤ «ጋ»ን ገልብጣ ጽፋታለች፣ አላረምኳትም።

ገንዘብ አልልክም፣ እንዳላችሁት። ድንጋዩን ግን አሁን አስጽፉት መነን። ከእንግዲህ ምክንያት የለሽም።

ትናንት ሥራ ቦታ ስሜ የተጻፈበት አዲሱ ባጅ ደረሰኝ። ኮሌታዬ ላይ ለጠፍኩት። ረፋዱ ላይ የመጋዘኑ ኃላፊ ከዚያ ማዶ ሆኖ «ሜስከል!» ብሎ ጠራኝ። ዓሣውን ከሳጥን ወደ ሳጥን ማዞሬን ቀጠልኩ። «ሜስከል!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። የሠራተኛው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። አልዞርኩም። ሰውየው ጫማውን እያንኳኳ መጣ፣ ከፊቴ ቆመ፣ ተቆጣ። እኔም ኮሌታዬን ቀና አድርጌ ባጁን አሳየሁት። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። እንደ ፊደል ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ፦

«ብርሃነ... መስቀል... ይርጋለም።»

«አቤት» አልኩ።

ብርሃነመስቀል ይርጋለም